የአቴና ሕግና የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር

የኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፥ የተተካበትም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀልነት ደንግገዋል። ሁለቱም የሚመለከቱት ድርጊቱን ነው። ይህን የለመደ አንባቢ ስለ ጥንት ግሪኮች ሲያነብ «ይፈቅዱ ነበር ወይስ ይከለክሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የአቴና ሰዎች ግን ነገሩን የመዘኑት በሌላ ሚዛን ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ345 ዓመት ገደማ አይስኪኔስ የተባለው ተናጋሪ፥ ሊከሰው የተነሣበትን ቲማርኮስን ቀድሞ በሸንጎ ከሰሰው። ክሱ ወንድ ወደደ የሚል አልነበረም፤ በወጣትነቱ ገላውን በገንዘብ ስለ ሸጠ በሕዝብ ጉባኤ ሊናገር አይገባውም የሚል ነበር። ገላውን የሸጠ አገሩንም ለመሸጥ አይመለስም ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ቲማርኮስ ተረታ፤ የዜግነት መብቱንም አጣ። ይኸው ከሳሽ ግን በዚያው ንግግሩ ገንዘብ ያልገባበትን የወንዶች ፍቅር አመስግኗል።

አስተያየቱም አንድ ወጥ አልነበረም። ፕላቶን «ግብዣ» በተባለው ድርሰቱ ይህን ፍቅር የሚያወድሱ ሰዎችን ሲያናግር፥ በእርጅናው በጻፈው «ሕግጋት» ግን ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚል ነቀፌታ አቅርቧል።

እንግዲህ ሕጉ የጠበቀው የነጻውን ዜጋ ክብር ነው። ለባሪያው ይህ ክብር አልታሰበለትም፤ የሴቶችም ፍቅር ከሳፎ ግጥሞች በቀር እምብዛም አልተጻፈም። ስለዚህ ግሪኮችን ለድጋፍም ሆነ ለነቀፋ ምስክር አድርጎ ከመጥራት በፊት፥ የማንን ክብር ይጠብቁ፥ የማንንስ ይተዉ እንደ ነበር መመርመር ይገባል።