የጥቁር አሜሪካውያን የቤት ውስጥ ትምህርትና የኮሌጅ ዝግጅት

በአሜሪካ ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ይለያያል። ኒው ዮርክ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ስትጠይቅ ቴክሳስ ማሳወቅን እንኳ አታስገድድም።

በ1954 (እ.ኤ.አ.) በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን በከለከለው የብራውን ፍርድ የተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት በር በብዙ ትግል የተገኘ ስለነበር፣ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከዚያ ማስወጣት ይከብዳቸው ነበር። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ግን የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው የዳሰሳ ጥናት ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ጥቁር ቤተሰቦች ድርሻ ከጸደይ እስከ መኸር ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ አሻቅቧል። በመልሶቹ የርቀት ትምህርት ከቤት ውስጥ ትምህርት ጋር ሳይምታታ አልቀረም፤ ሆኖም ዘረኝነትና ጥቁሮችን የሚዘነጋ ሥርዓተ ትምህርት ከዚያ በፊትም ወላጆችን የሚገፋፉ ምክንያቶች ነበሩ።

ለኮሌጅ ሲታሰብ አስቸጋሪው ማስተማሩ ሳይሆን ማስረጃው ነው። ትራንስክሪፕቱን (የትምህርት ውጤት መዝገቡን) ወላጅ ራሱ ያዘጋጃል፤ ለምሳሌ ለባዮሎጂ መጽሐፉን፣ የተሠሩትን የላቦራቶሪ ሙከራዎች፣ ውጤቱንና ክሬዲቱን ይመዘግባል። እናት የሰጠችው «ኤ» ብቻውን ስለማያሳምን ውጫዊ ማረጋገጫ ይፈለጋል፤ የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ ፈተና፣ ከሁሉም ይልቅ በአቅራቢያ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተወሰደ ኮርስ። የላቀ ደረጃ ፈተና (ኤፒ) ለመውሰድ ተፈታኙን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ማፈላለግ ግድ ነው።

ትምህርቱ በግዛቱ ሕግ መሠረት ከተጠናቀቀ ተማሪው የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት ማመልከት ይችላል።