ከእልፍኝ አስከልካይነት እስከ ራስነት

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከዝቅተኛ አገልግሎት ተነሥተው የሰሜኑን በር ስለ ጠበቁ የጦር አለቃ ነው። እኒህም አባ ነጋ የተባሉት ራስ አሉላ ናቸው።

አሉላ የተወለዱት በተምቤን በመነዌ መንደር ሲሆን፣ አባታቸው እንግዳ ቁቢ ገበሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር ወደ ሠርግ እንጀራ የሚወስዱ መንገደኞችን አስቁመው «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ቢሏቸው፣ «ወደ ራስ አሉላ ግቢ» ብለው ቀለዱባቸው ይባላል። ቀልዱ ግን እውነት ሆነ። አስቀድመው የራስ አርአያ፣ ቀጥሎም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት የደጃዝማች ካሣ አገልጋይ ሆኑ፤ በእልፍኝ አስከልካይነት ደጅ እየጠበቁም ትጋታቸው ታወቀላቸው። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲሆን ከተዋጉት አለቆች አንዱ ነበሩና፣ ራስ ተብለው መረብ ምላሽን ተሾሙ። መቀመጫቸውንም በኋላ በአሥመራ አደረጉ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ የሚቀጥለውን በተለይ አስተውል። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈረመ። ኢትዮጵያ በደርቡሽ የተከበበውን የግብፅ ጦር እንድታስወጣ፣ በለውጡም ቦጎስ እንዲመለስላትና በምጽዋ የንግድ ዕቃዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ። ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። ውሉ እንዲህ ከተናጋ በኋላ እንኳ አሉላ ለከሰላ ሰዎች ለመድረስ ዘመቱ። ከሰላ ግን አስቀድማ ወድቃ ነበር። በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር ድል ሲያደርጉ እሳቸው ቆሰሉ፤ የቅርብ ባልደረባቸው ብላታ ገብሩም ሞቱ። ቃል ላፈረሰ ወገን የተከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

ኢጣልያም ከምጽዋ እየገፋች ሰዓጢን በያዘች ጊዜ፣ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. በምሽጉ ላይ ያደረጉት ውጊያ አልተሳካላቸውም። በማግሥቱ ግን ለሰዓጢ እርዳታ ይመጣ የነበረውን አምስት መቶ ያህል ወታደር በዶጋሊ ከበው ከጥቂቶች በቀር ፈጁት። ዛሬም በሮማ በትልቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ በነዚያ አምስት መቶ ሰዎች ስም ይጠራል።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ የአሉላ ዕድል ጠቈረ፤ በዚያው ዓመት ኢጣልያ አሥመራን ያዘች። ከራስ መንገሻ ጋር በትግራይ ብዙ መከራ ካዩ በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ለዐፄ ምኒልክ ታዘዙ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦር ሜዳ ተሰልፈው ድሉን በዓይናቸው አዩ።

የሚያሳዝነው ፍጻሜያቸው ነው። ግብፅን፣ ደርቡሽንና ኢጣልያን የተቋቋሙት ጀግና፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር በተነሣ ጠብ ተዋጉ። ራስ ሐጎስ ሞቱ፤ አሉላም በዚያ ውጊያ በደረሰባቸው ቁስል በየካቲት 1889 ዓ.ም. ዐርፈው በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበሩ።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ አገራችሁን የምታገለግሉ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። ደጅ ጠባቂ የነበረ ሰው በትጋቱ አገር ጠባቂ ለመሆን እንደሚችል አንዱ ነው። ሁለተኛው የሚመር ነው፤ የባዕድ ጦር ያልጣለውን ሰው የወንድማማች ጠብ ይጥለዋል።