አትቅጠፉ የተባለው አበባ

ዛሬ የአንድ አበባ ታሪክ ላወራችሁ ነው። «አበባ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብላችሁ እንዳትዘጉት፤ የእኛም ነገር አለበት።

ተወልጄ ያደግኩት ያቭነ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ የካቲት ከአያቴ ጋር ሜዳ ወጣን። ቀይ ካላኒት አይታ ቀጠፈች። አንዲት መንገደኛ ጮኸችባት፤ አያቴ ዕብራይስጡ አልገባትም። በጎንደር ገጠር ክረምቱ ሲያልፍ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ቢቀጠፍም በዓመቱ ይመለሳል። «ምን ነውር ሠራሁ ልጄ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከያቭነ ብዙም በማይርቀው የነስ ጽዮና ኮረብታ ላይ ኢሩስ ሃአርጋማን ይበቅላል። ጥቁር ሊባል የደረሰ ወይን ጠጅ ነው። በዓለም ላይ ያለው በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ ነው። ማር የለውም፤ ወንድ የዱር ንቦች ማታ ውስጡ ገብተው ያድራሉ። ማደሪያ ፍለጋ ካንዱ ወዳንዱ ሲሉ ብናኙን ያደርሳሉ። በራሱ ብናኝ ዘር አይሰጥም፤ ጎረቤት ያስፈልገዋል።

ድሮ እዚህም ሰው እቅፍ ሙሉ አበባ ቀጥፎ ነበር የሚመለሰው። በ1953 የተመሠረተው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ይህን ለማስቆም ተነሳ። በ1963 ሕግ ወጣ፤ ፖስተር ተለጠፈ፤ ትምህርቱ በጋንና በትምህርት ቤት ገባ። ሰዉም መቅጠፍ ተወ። ያቺ መንገደኛ የዚያ ትምህርት ልጅ ነበረች።

ታዲያ ኢሩሱ ዳነ? እጅ ተወው፣ ቡልዶዘር ግን አልተወውም። የአገሩ ሕዝብ በብዛት የሚኖረው በዚሁ ሜዳ ነው፤ ቤት፣ መንገድ፣ እርሻ በዛበት። ዛሬ በነታኒያ ጥብቅ ቦታ፣ በነስ ጽዮናና በሌሎች ቦታዎች ተቆራርጦ ቀርቷል። ሲቆራረጥ ደግሞ ጎረቤት ይርቀዋል።

እኔም የምኖርበት ሕንፃ እዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ቤት አይሠራ አልልም። ግን አያቴ ለአንድ ካላኒት ተጮኸባት፤ ኮረብታ ሙሉ አበባ ሲታረስ የሚጮኸው ስንት ሰው ነው?

ዘንድሮ ነስ ጽዮና ወሰድኳት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይኸው ብቻ ነው የቀረው?» አለች። እዚያም መልስ አጠረኝ።

የካቲት ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ ከመንገዱ አትውጡ። ሽማግሌዎቻችሁንም ውሰዱ፤ ሕጉን ከእናንተ ይስሙት። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው!