ከባሮ እስከ ቤልግሬድ፦ በማን ባንዲራ ሥር?

የአውሮፓ ክለቦች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ውድድር፣ በተለምዶ ዩሮሊግ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ2020–21 የውድድር ዘመኑን የጀመረው ተመልካች በራቃቸው አዳራሾች ውስጥ ነበር። የቀደመው ዓመት ውድድር በወረርሽኙ ሳቢያ መሃል ላይ ተቋርጦ ያለ ሻምፒዮን ቀርቷል። ከ28 ጨዋታ 24ቱን አሸንፎ ሲመራ የነበረው የቱርኩ አናዶሉ ኤፌስ ዋንጫውን ሳያነሣ ተበትኗል። በአዲሱ ዘመን 18 ክለቦች እያንዳንዳቸው 34 ጨዋታ ካደረጉና ማጣሪያው ከተጠናቀቀ በኋላ ኤፌስ ግንቦት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ባርሴሎናን 86 ለ 81 ረትቶ ያመለጠውን ዋንጫ አገኘ። ሰርቢያዊው ቫሲልዬ ሚቺች የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ ተባለ። የስፖርት ጸሐፊዎች የዚያን ዓመት ታሪክ እዚህ ላይ ይዘጉታል።

የዚህ ጸሐፊ ዓይን ያረፈው ግን ከዋንጫው ርቆ፣ በሠንጠረዡ ታችኛ ክፍል ላይ ነው። በዚያ ዓመት በዩሮሊግ አልቀናው ካላቸው ክለቦች አንዱ የቤልግሬዱ ፅርቬና ዝቬዝዳ ነበር። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ቀይ ኮከብ» ይሆናል። (ከእኛ የሚቀድመው ትውልድ ይህን ስም ሲሰማ ትዝ የሚለው ኳስ ሳይሆን ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የከፈተው ዘመቻ መሆኑን አውቃለሁ። ጉዳዬ ከኳሱ ጋር ነው።) ለዚህ ክለብ ይጫወቱ ከነበሩት ረጃጅም ሰዎች መካከል ዱኦፕ ሪዝ የሚባል ወጣት ነበረ። ሪዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1996 ዋት በተባለች የደቡብ ሱዳን የኑዌር ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከጦርነት ሸሽቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ልጁ በዚያ አድጎ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ ቤልግሬድ ገባ። የውድድር ዘመኑ ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥም ቶኪዮ ላይ ለአውስትራሊያ ተሰልፎ የኦሊምፒክ ነሐስ አጠለቀ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ዋት በካርታ ላይ ከጋምቤላ በስተ ምዕራብ፣ ከድንበሩ ማዶ ናት። ሪዝ ኢትዮጵያዊ ነው አላልሁም፤ ማለትም አይገባኝም። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 46 ከመቶ ገደማው ኑዌር ነው። በወዲህኛውና በወዲያኛው ወገን ያለው ሕዝብ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ከብቱንም በአንድ ወንዝ ዳር ያግዳል። ሁለቱን የለየው መስመር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የፈረሙት ውል ነው። ያው ውል በባሮ ዳር ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀደላቸው። ጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችው ከዚያ ነው፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ እጅ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እንግዲህ ጋምቤላ ከመጀመሪያው ለአዲስ አበባ በር ሆና ኖረች። በርን ደግሞ ሰው የሚያስበው ሲከፍተውና ሲዘጋው ብቻ ነው።

በሩ በሰፊው የተከፈተው በደርግ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የሱዳን ሕዝቦች ነጻ አውጪ ንቅናቄ ሲመሠረት የኮሎኔል መንግሥቱ መንግሥት የጦር ሰፈርና መሣሪያ ሰጠው፤ ድምፁን የሚያሰማበት ሬዲዮም ከኢትዮጵያ ምድር ያሰራጭ ነበር። ስደተኛው ከታጣቂው ጋር ተያይዞ ገባ። ኢታንግ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ። በፉኙዶ ደግሞ ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም ከወላጆቻቸው የተነጠሉ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ተሰበሰቡ። ዓለም በኋላ «የጠፉት ልጆች» ብሎ የሰየማቸው እነዚህ ናቸው። ያደሩት ግን በእኛው ምድር፣ በአኝዋ መንደሮች አጠገብ ነበር። የመንደሩ ባለቤት አኝዋ በዚህ ሁሉ ላይ ሐሳብህ ምንድን ነው ተብሎ አልተጠየቀም። በዚያው ዘመን፣ ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ፣ ከደጋ በሰፈራ የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በመሬቱ ላይ ሲሰፍሩ እንዲሁ አልተጠየቀም።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የመጠለያዎቹ ዕድሜ አብሮ አበቃ። አዲሱ ኃይል ከካርቱም ጋር ወዳጅ ነበርና የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ኢታንግንም ፉኙዶንም ጥለው ወደ መጡበት ሸሹ። ከፉኙዶ የወጡት ልጆች ጊሎን መሻገር ነበረባቸው። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ተኩስ ነበር፤ በውሃውም አዞ ነበር። ስንቱ እንደ ቀረ በትክክል የቆጠረ የለም። የተረፉት በፖቻላ በኩል አድርገው እ.ኤ.አ. በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ከእነርሱም 3,800 የሚጠጉት በ2001 ዓመተ ምሕረተ እግዚእ አካባቢ በአሜሪካ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዚሁ ወቅት አካባቢ ከጋምቤላ የሸሹ አኝዋዎችም በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ ግዛት ተሰባሰቡ።

ከእነዚህ እናቶች የአንዷ ልጅ ኑኒ ኦሞት ይባላል። ኦሞት በጋምቤላ ቤት ለቤት የሚሰማ የአኝዋ ስም ነው። እናቱ ጦርነቱን ሸሽታ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ በእግሯ የተጓዘች ሴት ናት። እርሱም በ1994 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ በስደተኛ መጠለያ ተወለደና ሕፃን ሳለ ሚኒሶታ ገባ። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ ከዚያም ኑሮውን በኳስ አደረገ። ግንቦት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ፍጻሜ የግብጹ አል አህሊ የሴኔጋሉን ዱዋንን 80 ለ 65 ሲያሸንፍ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የተመረጠው ይኸው ኦሞት ነበር። ይህ ሊግ በአሜሪካው ኤንቢኤና በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚመራ፣ አፍሪካ ለዩሮሊግ የሰጠችው መልስ ሊባል የሚችል ውድድር ነው። በዚያ ዓመት ከተሳተፉት 12 ክለቦች መካከል የኢትዮጵያ ክለብ አልነበረም። ከእኛ መንገድ የወጣ ሰው ግን የመድረኩ አውራ ነበር።

በዓመቱ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ደቡብ ሱዳን ከአሜሪካ ጋር ገጠመች። እነ ሌብሮን ጄምስ 103 ለ 86 አሸነፉ፤ ከደቡብ ሱዳን በኩል ከፍተኛውን፣ 24 ነጥብ ያስቆጠረው ኦሞት ነው። ከ11 ቀን በፊት ለንደን ላይ በተደረገው የወዳጅነት ጨዋታም አሜሪካኖቹ ያመለጡት በአንዲት ነጥብ፣ 101 ለ 100 ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ ዱኦፕ ሪዝ ለአውስትራሊያ ተሰልፏል። ኢትዮጵያ በፓሪስ ያገኘቻቸው አንድ ወርቅና ሦስት ብር ሁሉም የሩጫ ናቸው። የኢትዮጵያ የቅርጫት ኳስ ቡድን ፓሪስ አልነበረም፤ ይኖራል ብሎ የጠበቀም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ንግግር ይመጣል። «ጋምቤላዎች ቁመታሞች ናቸው፤ ለቅርጫት ኳስ የተፈጠሩ ናቸው» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች እያመሰገኑ ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን ከቀድሞው ንቀት ብዙም አይርቅም፤ ሰውን በአካሉ ለክቶ ሌላውን ነገሩን መተው ነውና። ቁመት ብቻውን ተጫዋች የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ከባሮ ዳር የዓለም ሻምፒዮን በወጣ ነበር። የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመራው ሉዎል ዴንግ ዋው ተወልዶ ኳስን የተማረው በስደት፣ ካይሮ ላይ ከታላቁ ማኑት ቦል፣ ከዚያም ለንደን ነው። ሪዝን አውስትራሊያ፣ ኦሞትን ሚኒሶታ አሠልጥነዋል። የሦስቱም ታሪክ አንድ ነገር ይናገራል፦ አዳራሽ ያለው ትምህርት ቤት፣ ደመወዝ የሚከፈለው አሠልጣኝ፣ ልጁን በልቶ የሚያሳድር ቤት። እነዚህን ለማግኘት የሶባትና የባሮ ልጅ አገር መልቀቅ ነበረበት። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ደቡብ ሱዳን በ2013። አሥር ዓመት የሞላት አባል በ2023 የዓለም ዋንጫ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን ረትታ ለኦሊምፒክ አለፈች። አገሪቱ በዚያ ጊዜ ሀብታም ነበረች፣ ሰላም ነበረች የሚል የለም። ያደረገችው ነገር በስደት የተበተኑትን ልጆች «የእኔ ናችሁ» ብላ መጥራት ነው። ፓስፖርት ሰጠቻቸው። ሕጓ ደግሞ ጥምር ዜግነትን ይፈቅዳል።

የእኛ ሕግ ምን አለ? የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ የት በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደ ተወ ይቈጠራል ይላል። ሐሳቡ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ብዙዎች ተከራክረውበታል። እኔን የሚያስቆዝመኝ ቀኑ ነው። አዋጁ የወጣው ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ 10 ቀን ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በጋምቤላ ከተማ አቅራቢያ ለስደተኞች ማስፈሪያ የሚሆን ቦታ ለማየት ይጓዙ የነበሩ 8 ሰዎች በታጣቂዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ሲገባ ቁጣው በአኝዋ ሁሉ ላይ ዞረ። በሦስት ቀን ውስጥ የመከላከያ ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች የአኝዋ ወንዶችን እየለዩ ገደሉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ400 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ ዘግበዋል፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያቀረበው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አኝዋዎች ወደ ፖቻላ ሸሹ፤ የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኦኬሎ አኳይም አገር ጥለው ወጡ። በአንድ ታኅሣሥ ወር ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያዊ ማን እንደ ሆነ በአንቀጽ ሲደነገግ፣ ጋምቤላ ላይ ኢትዮጵያዊው በመልኩ እየተለየ ይገደል ነበር። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አስበው ነው አልልም፤ ረቂቁ ቀድሞ የተሰናዳ ነው። አላሰቡትም ነው የምለው። ጋምቤላ ከዋና ከተማዋ ሐሳብ ውስጥ ስላልነበረች ማንም ሁለቱን ቀኖች አላገናኛቸውም።

እንግዲህ የኦሞት ዓይነቱ ልጅ ለማን ይጫወታል ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። «ከድቶን» የሚል ቃል በአንዳንዶቻችን አፍ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ እንደ ኪሳራ ቆጥረው የሚቆጩም አሉ። መቆጨት የሚያምርበት ግን ቀድሞ የፈለገ ሰው ነው። ናይሮቢ መጠለያ ውስጥ በተወለደው ሕፃን ደጃፍ ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ማን ሄዶ ነበር? በሚኒሶታ የሚኖሩ አኝዋዎች በ1996ቱ ግድያ ሰሞን ሰልፍ ወጥተው ሲጮኹ ከመሃል አገር ሰው ስንቶቻችን አብረን ጮኽን? ደቡብ ሱዳን ልጁን ነጥቃ አልወሰደችውም። መንገድ ላይ አገኘችው።

መንገዱ አሁንም አልተዘጋም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኛው እንደ ገና ወደ ጋምቤላ ጎረፈ። ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኝኤል የተባሉ አዳዲስ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ ነዋሪዎቻቸውም በቁጥር ከክልሉ ሕዝብ ጋር የሚፎካከሩ ሆኑ። የኑዌር ስደተኛ ሲበዛ የአኝዋ ሥጋት አብሮ በዛ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር ሁለቱ ሕዝቦች በጋምቤላ ከተማ ሳይቀር ደም ተፋሰሱ። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በእነዚህ መጠለያዎች የሚወለድ ሕፃን በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ ይሰፍር ጀመር። የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ የትውልድ ቦታውን ጋምቤላ ብሎ ይጽፋል። የዜግነት ማስረጃ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ሕፃናት አሁን ትምህርት ቤት ገብተዋል።