ኃይልና ዕጣ፦ የህዋስ አጽም በአጥቢዎች ጽንስ የመጀመሪያ ቀናት

አኅጽሮት

የአጥቢ እንስሳት ጽንስ በማኅፀን ግድግዳ ላይ ከመቀመጡ በፊት ህዋሳቱ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በውጭ የቀሩት ለእንግዴ ልጅ መሠረት ይሆናሉ፤ ወደ ውስጥ የገቡት በዋናነት የጽንሱን ገላ ይሠራሉ። ይህ መጣጥፍ በአይጥ ጽንስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን መነሻ በማድረግ፣ የህዋስ አጽም፣ ማለትም በህዋሱ ውስጥ የተዘረጋው የፕሮቲን ክሮች መረብ፣ ለጽንሱ ቅርጽ ከመስጠት አልፎ የህዋሳቱን ዕጣ ጭምር እንደሚወስን ይሞግታል።

1. ቦታ ወይስ ውርስ?

እ.ኤ.አ. በ1967 ታርኮቭስኪና ቭሩብሌቭስካ የባለ 4 እና የባለ 8 ህዋስ የአይጥ ጽንሶችን ህዋሳት ነጣጥለው አሳደጉ። ከዚያ ተነሥተውም የህዋስን ዕጣ የሚወስነው በጽንሱ ውስጥ የያዘው ቦታ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ጆንሰንና ዚዮሜክ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። በ8 ህዋስ ደረጃ የእያንዳንዱ ህዋስ ውጫዊ ጫፍ ከውስጠኛው የተለየ ጠባይ ይይዛል፤ ህዋሱ ሲከፈልም ሁለቱ ልጆች ይህን ጫፍ እኩል ላይወርሱት ይችላሉ። አንዱ ወገን ለቦታ፣ ሌላው ለውርስ ቅድሚያ ሰጠ። ህዋሱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኃይል ከየት እንደሚመጣ ግን ሁለቱም አልመለሱም።

2. የመጠጋጋት ኃይል

የአይጥ ጽንስ በሁለት ቀን ተኩል ገደማ 8 ህዋሳት ይኖሩታል። እስከዚያ ለየብቻ ድቡልቡል ሆነው ይታዩ የነበሩት ህዋሳት በዚህ ጊዜ ተጠጋግተው ድንበራቸውን መለየት ያስቸግራል። ሥራው በአብዛኛው ኢ-ካድሄሪን ለተባለው አጣባቂ ፕሮቲን ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜትርና ባልደረቦቹ የህዋሳቱን ገጽ በቀጭን የመስታወት ቱቦ እየሳቡ ውጥረቱን ለኩ። ውጥረቱ የጨመረው ህዋሳቱ በሚነካኩበት ገጽ ሳይሆን ከዙሪያቸው ካለው ፈሳሽ ጋር በሚዋሰኑበት ገጽ ነበር። ምንጩም ከህዋሱ ሽፋን ሥር የተዘረጋው የአክቲን መረብና እሱን የሚጎትተው ማዮሲን ነው፤ መኮማተሩ በየ80 ሰከንዱ ገደማ እንደ ሞገድ ይመላለሳል። ኢ-ካድሄሪንም ከማጣበቅ በተጨማሪ መኮማተሩን ከመገናኛው አርቆ ወደ ውጭው ገጽ ያዞረዋል።

3. ውጥረት ዕጣን ሲለይ

የሜትር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጥናት የቆየውን የቦታና የውርስ ክርክር አስታረቀ። ውጫዊው ጫፍ ማዮሲን ያንሰዋል። ስለዚህ በ16 ህዋስ ደረጃ ይህን ጫፍ የወረሰው ህዋስ ላላ ይላል፤ ያልወረሰው እህቱ ግን አጥብቃ ትኮማተራለች። የውጥረቱ ልዩነት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የምትኮማተረው ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፤ ላላ ያለው በላይዋ ይዘረጋል። ውርስ ውጥረትን ይፈጥራል፣ ውጥረትም ቦታን ይወስናል። መኮማተሩ ያፕ የተባለውን ፕሮቲን መገኛ ጭምር ይነካል። በውጭ ህዋሳት ያፕ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የእንግዴ ልጅን መንገድ የሚከፍቱ ዘረመሎችን ያነቃል፤ በውስጠኞቹ ግን ከኒውክሊየስ ውጭ ይቀራል።

ከአክቲንና ከማዮሲን ሌላ የህዋስ አጽሙ ክፍል ኬራቲን ነው። ፕላችታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት፣ የኬራቲን ክሮች በ8 ህዋስ ደረጃ ማብቂያ ላይ በአንዳንድ ህዋሳት ብቻ ብቅ ይላሉ። ህዋሱ ሲከፈል አክቲን ክሮቹን በውጫዊው ጫፍ ይዞ ያቆያቸዋል፤ በመሆኑም በውጭ የሚቀረው ልጅ ይወርሳቸዋል፣ ወደ እንግዴ ልጅ የሚያደርገው ጉዞም ይጸናል። የእናት ህዋስ ታሪክ ወደ ልጆቿ የሚተላለፈው በዲኤንኤ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ግሩም ማስረጃ ነው።

4. ከአይጥ ወደ ሰው

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ለምርምር በተለገሱ የሰው ጽንሶች ላይ ተመሳሳይ ልኬት አካሂዷል። ህዋሳቱ ሲጠጋጉ በውጭው ገጽ ያለው ውጥረት 4 እጥፍ ሲጨምር በመገናኛው ያለው ግን ሳይለወጥ ቆይቷል። ለመጠጋጋት ማጣበቅም መኮማተርም ያስፈልጋሉ፤ ውጥረቱን የሚቆጣጠረው ግን መኮማተር ብቻ ነው። በራሳቸው መጠጋጋት ያቃታቸው ጽንሶችም የመኮማተር ጉድለት ምልክት አሳይተዋል።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የጽንስን ዕድገት በዘረመል ቋንቋ ብቻ መተረክ ጎዶሎ ነው፤ የትኛው ዘረመል እንደሚነቃ ከሚወስኑት መካከል የህዋስ አጽም ጉተታ አንዱ ነውና። ሁለተኛ፣ ከማኅፀን ውጭ በሚደረግ የማዳቀል ሕክምና ውስጥ፣ ሳይጠጋጋ የቀረ ጽንስ ሁሉ የማጣበቅ ችግር እንዳለበት መቁጠር አይገባም። የማጣበቅና የመኮማተር ጉድለት የየራሳቸው መካኒካዊ አሻራ አላቸው። ያንን አሻራ ጽንሱን ሳይጎዱ የሚያነቡ መንገዶችን መፈለግ ልጅ ለሚናፍቁ ወላጆች የሚከፈል የሳይንስ ዕዳ ነው።