በስም ብቻ የነገሡ የሐረር ሱልጣኖች

ድሬዳዋ በምድር ባቡር ምክንያት በ1902 የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በደቻቱ ዳር ቆሞ የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ብዙ የሚያገኘው ነገር የለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ደቻቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው አሸዋ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንዝ መባሉ ቀርቶበት አያውቅም፤ በ2006 ክረምት በሌሊት ሞልቶ ሕዝብ በጨረሰ ጊዜም ስሙ ከንቱ አለመሆኑን አሳይቷል። ከደቻቱ ተነሥቶ ዳገቱን በደንገጎ በኩል የወጣ መንገደኛ ሐምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከሐረር ይደርሳል። በዚያች ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ሥልጣን የሌላቸው ሱልጣኖች ሥልጣን ባላቸው የጦር አለቆች ጥላ ሥር ነግሠው ነበር።

እነዚህ ሱልጣኖች ወላስማ ከሚባለው የይፋት ነገሥታት ዘር የመጡ ናቸው። ዘራቸውንም ወደ ዐረብ ቁረይሾች ይቈጥሩ ነበር። ከመካከላቸው ሰዐደዲን በዘይላ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ወደ የመን ሸሽተው ነበርና፣ ከዚያ ሲመለሱ የአዳልን መንግሥት አቋቋሙ። አገሪቱም በሰማዕቱ አባታቸው ስም «የሰዐደዲን ምድር» ተብላ ተጠራች።

በሱልጣን መሐመድ (1488–1518) ዘመን ግን የጦሩ ሥልጣን ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ነበር። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወራት የክርስቲያኑን ግዛት ይወጋ የነበረው የዘይላው አሚር ማሕፉዝ ነው። ማሕፉዝ በ1517 በዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ተገደለ፤ ሱልጣኑም በማግሥቱ ዓመት በሰው እጅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ዙፋኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። ከነዚህ ሹማምንት አንዱ ገራድ አቡን ሲሆን፣ በእሱ ሥር ያገለግል የነበረ አንድ ወጣት ፈረሰኛ በኋላ በአማርኛ ግራኝ የተባለው አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው። መናገሻውን በ1520 ወደ ሐረር ያዛወረው ሱልጣን አቡበክር ገራድ አቡንን ገደለ፤ አሕመድም በተራው አቡበክርን ገደለ።

ከዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። አሕመድ ሱልጣኑን ካጠፋ በኋላ ለምን ራሱ ሱልጣን አልሆነም? ያደረገው ግን የሟቹን ወንድም ዑመርዲንን በዙፋኑ ላይ ማስቀመጥና ለራሱ «ኢማም» የሚለውን የሃይማኖት መሪነት ስም መያዝ ነበር። የማሕፉዝን ልጅ ድል ወንበራን ማግባቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ የጦር ወራሽነትን በጋብቻ አገኘ፣ የነገሥታት ዘር ግን በጋብቻም በሰይፍም የሚገኝ አልነበረም። እንደኔ አስተያየት፣ ልዩ ልዩ ነገድና አለቃ የነበረውን ጦር በአንድነት ለማሰለፍ፣ የማንም አለቃ ተቀናቃኝ ያልሆነ ስም በዙፋኑ ላይ ማስፈለጉ አልቀረም።

ዘዴው ለእስላም ዓለም አዲስ አይደለም። ቡወይሂዶች በ945 ባግዳድን ሲይዙ ኸሊፋውን በስሙ ተዉት፤ የግብጽ ማምሉኮችም ከ1261 እስከ 1517 የአባሲድ ኸሊፋዎችን በካይሮ አስቀምጠው፣ አገሩን ራሳቸው ገዙ። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በእምነት የተለየው ጐንደር ነው፤ ከ1769 እስከ 1855 ራሶቹ ነገሥታቱን ሲያነግሡና ሲሽሩ፣ ዘውዱን ከሰሎሞን ዘር ለማውጣት አልደፈሩም። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሦ መውረዱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ይሁን እንጂ ዑመርዲንን እንደ አሻንጉሊት ብቻ መቍጠር አይገባም። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚነግረን፣ ሱልጣኑና ኢማሙ ስለ ዘካ አከፋፈል ተጣልተው ነበር። ጸሐፊው የኢማሙ ወዳጅ ስለ ሆነ የሚፈርደው ለኢማሙ ነው፤ ነገር ግን ምንም ሥልጣን ከሌለው ሰው ጋር ማንም በግብር ምክንያት አይጣላም። ዘካን ተቀብሎ ለመኳንንቱ ማደል የነገሥታት መብት ነበርና፣ ዑመርዲን የቀረችውን መብት በቀላሉ አልለቀቀም። ኢማሙ በ1543 በወይና ደጋ ሲወድቅም፣ በስም የነገሠው ዑመርዲን ከእሱ በኋላ ቈይቷል። ሥልጣኑ ግን አልተመለሰለትም፤ የኢማሙ የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድ አሚር ሆኖ ድል ወንበራን አገባና ጦሩን ያዘ።

የዑመርዲን ልጆች ዓሊና በረካትም እንደ አባታቸው ነገሡ። በ1559 ኑር ዐፄ ገላውዴዎስን ለመውጋት ወደ ፈጠጋር ሲዘምት፣ የንጉሡ ጦር በራስ ሐመልማል መሪነት ወደ ሐረር መጣ። ጦሩ ከኑር ጋር ስለ ነበረ ከተማዋን የመከላከሉ ነገር በበረካት ላይ ወደቀ፤ እሱም ሲከላከል ተገደለ። ኑር ገላውዴዎስን ገድሎ ሲመለስ በባዶው ዙፋን ላይ ሌላ ወላስማ አላስቀመጠም። እስከ ሞቱም ድረስ ብቻውን ገዛ፤ በ1647 በሐረር በዓሊ ኢብን ዳውድ የጀመረው ቤትም የያዘው የማሕፉዝንና የኑርን ማዕርግ፣ አሚርነትን፣ ነበር።