ከሬዲዮ እስከ ፕላዝማ፤ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ታሪክ ከላስታ ደጋ ሲታይ

ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ በአገራችን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከመሣሪያው ነው። ምን ያህል ሬዲዮ ተከፋፈለ፣ ስንት ቴሌቪዥን ተተከለ፣ ምን ያህል ኮምፒዩተር ተገዛ የሚለው ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ግን ታሪኩን ከመምህሩ፣ በተለይም በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ ከሚያስተምረው መምህር አንጻር ለመመልከት ይሞክራል። የሚያነሣውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ትምህርቱ በመሣሪያ አማካይነት ሲመጣ፣ ያልገባው ተማሪ እጁን ባነሣ ጊዜ አቁሞ ለመድገም ሥልጣን ያለው ማን ነው?

ላስታ ለትምህርት እንግዳ አይደለችም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት በየደብሩ የንባብና የዜማ ጉባኤ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ከላስታ በስተደቡብ የሚገኘው ዋድላም ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነቱ ስሙ የሚጠራ ነው። በነዚህ ጉባኤዎች መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነው። ስለዚህ ፊደል የለየው ልጅ ገና ሀ ሁ ለሚለው ያስቆጥራል፤ በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያግዛል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ ይታረማል፤ ጓደኞቹም እርማቱን አብረው ይሰማሉ። የተሰጠውን ሳይዝ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ይህን ስናነሣ ሥርዓቱ እንከን የለሽ ነበር ማለታችን አይደለም፤ አለንጋው ይበዛ ነበር፣ ሴቶችንም እምብዛም አላቀፈም፣ የቆሎ ተማሪውም ኑሮ በልመናና በውሻ ንክሻ የተሞላ ነበር። ይሁንና የትምህርቱ ፍጥነት የሚወሰነው በተማሪው መያዝ ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም ማሳየት ጀምሯል። ለገጠሩ ትምህርት ቤት ግን የቀረበው መሣሪያ ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ የኤሌክትሪክ መስመር አይጠይቅም፤ ጥቂት የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፈውም ድምፅ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚገኝበት አገር ሳይቀር፣ እንደ ኤፍ ኤም በየሸንተረሩ አይገታም። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። ፕሮግራሙ ዝናብ ጥሎ ወንዝ የሞላበትን ተማሪ አይጠብቅም፤ ያመለጠ ትምህርት አመለጠ። መምህሩ የያዘው የመምሪያ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ የባሰ በሆነ ነበር።

በሌላው ዓለም ይህን ጉድለት ለማቃለል የተደረገ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒካራጓ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያዘጋጁት የሬዲዮ ሒሳብ ትምህርት፣ ድምፁ ጥያቄ ጠይቆ ዝም እንዲል፣ ልጆቹም በዝምታው መካከል ጮኸው እንዲመልሱ ተደርጎ የተቀረጸ ነበር። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ሴኮንድ ዝምታ ነው።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር በየአውራጃው የትምህርት መርጃ ማዕከሎች ተቋቁመው ነበር። መምህራን እዚያ ተገናኝተው ከካርቶን፣ ከቀርከሃና ከጭቃ መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ ያላግባብ የተዘነጋው ይህ ይመስለኛል፤ መሣሪያውን የሚሠራው፣ የሚያስቆመውም የሚጠግነውም መምህሩ ራሱ ነበርና።

በ1997 ዓ.ም. የመጣው ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት አማካይነት በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተተከለ ፕላዝማ መተላለፍ ጀመረ። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር በጠፋበት፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ሙከራ እኩል እንዲያይ ነው። ሳተላይት ተራራ አያግደውም፤ ሳህኑ ሰማይ ካየ ይበቃል። ብዙ ተማሪዎችም በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ሙከራ ያዩት በፕላዝማው ነው።

ሆኖም ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ትምህርቱ ከማዕከል በቀጥታ ስለሚተላለፍ መምህሩ የሚናገረው መግቢያውን በመጀመሪያ፣ ማጠቃለያውን በመጨረሻ ብቻ ነው። አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ የሚይዘው መስተዋቱ ነው። ጥያቄ ያቀርብና ለመልሱ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፤ በአንደኛ ደረጃ በአብዛኛው በአማርኛ የተማረው የላስታ ልጅ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ መምህሩ ሳይዘጋጅ ወደ ጠመኔው ይመለሳል፤ በማግስቱ ፕላዝማው ያለ እሱ አንድ ምዕራፍ ተሻግሮ ያገኘዋል። መምህር በገዛ ክፍሉ ውስጥ ረዳት ሆነ።

ይህ አስቀድሞ ያልታወቀ ጉዳይ አልነበረም። በአሜሪካን ሳሞኣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የትምህርቱ ዋና ክፍል በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ፣ የአገሬው መምህራን የስቱዲዮው ትምህርት ተከታይ ሆነው ነበር፤ አሠራሩ ከጊዜ በኋላ ተቀነሰ። ኮትዲቯርም እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረችውን ሰፊ የቴሌቪዥን ትምህርት በ1982 አቋርጣለች። እኛ ፕላዝማውን ስንተክል የሁለቱም ታሪክ ተጽፎ ያለቀ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ኢንተርኔት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። ስልክና ኔትዎርክ ያለው ተከታተለ፤ የሌለው በግ ጠበቀ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ላሊበላ በጦርነቱ እጅ ስትለዋወጥ ቆይታ መብራትም ስልክም ለወራት ተቋርጧል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት እንደገና ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በዚህ አገር በመስመር ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት የሚያቅድ ሰው እነዚህን ዓመታት በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ይሁንና ኔትዎርክ ስለጠፋ የመምህራን ትብብር አይጠፋም። ከላይ የተጠቀሱት የአውራጃ ማዕከሎች ከቀሩ በኋላ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ተተክቷል፤ አጎራባች ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ይገናኛሉ። ዘፈን በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ ገጠር ድረስ እንደሚዘልቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የትምህርት ቪዲዮና የፈተና ጥያቄም በዚያው መንገድ ሊዞር ይችላል። በካርድ ላይ ያለ ትምህርት በመምህሩ ጣት ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። አንድ የፀሐይ ብርሃን ኃይል ማመንጫ ያለው የጉድኝት ማዕከል ለአምስት ስድስት ትምህርት ቤቶች ስልክ ሊሞላ፣ ካርድም ሊገለብጥ ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ግዥ ጥቂት ነው። ብዙ የሚጠይቀው ዝግጅቱ ነው፤ ትምህርቱ በአጫጭር ክፍል ተቆርጦ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ እንዲቆም ተደርጎ፣ አስቸጋሪው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ተፈቶ፣ በመምህሩ መምሪያ ታግዞ መዘጋጀት አለበት። ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ ግን በጀቱ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ለዕቃው ነው፤ የዝግጅቱም ሥራ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ይታሰባል።